በሬሺትና በቀዳሚ፤ የኦሪቱን ሥነ ፍጥረት በዕብራይስጡ ጆሮ ስለ መስማት

ከአትላንታ ከተማ እምብርት ተነሥቶ ወደ ደቡብ በሚወርደው የማርታ ባቡር የተሳፈረ መንገደኛ፣ ከታላቁ አውሮፕላን ማረፊያ ሊደርስ ሁለት ጣቢያ ሲቀረው ኢስት ፖይንት ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ስሟ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምሥራቅ ጫፍ» ማለት ነው፤ ነገር ግን ካርታ ዘርግቶ ለተመለከተ ሰው ከተማዪቱ ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ የተቀመጠች እንጂ በምሥራቅ ያለች አይደለችምና፣ ስሙና ስፍራው እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መስለው ይታያሉ። ምሥጢሩ የሚገለጠው ስሙን ያወጡት ሰዎች የቆሙበትን ስፍራ ላወቀ ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ አንደኛው ጫፉ በአላባማ ድንበር አጠገብ በቻታሁቺ ወንዝ ዳር ባለችው በዌስት ፖይንት፣ ሁለተኛው ጫፉ ደግሞ በዚህ ስለ ነበረ፣ ምዕራብና ምሥራቅ የተባሉት በሐዲዱ ልክ እንጂ በአትላንታ ልክ አልነበረም። በ1887 እ.ኤ.አ. በሕግ ከተማ ተብላ ስትቋቋምም ያንኑ የሐዲድ ስም ይዛ ቀረች።

በዚህች ከተማ ተቀምጬ ኦሪት ዘፍጥረትን በምመለከትበት ጊዜ ይህ ነገር ደጋግሞ ይታሰበኛል። ስለ ዔደን ገነት በሚናገረው ክፍል ዕብራይስጡ ገነቲቱ የተተከለችበትን ስፍራ «ሚቄዴም» በሚል ቃል ያመለክታል፤ ቄዴም ማለትም ፊት ለፊት ያለው፣ ምሥራቅ፣ ደግሞም ጥንት፣ የቀደመው ዘመን ማለት ነው። የጥንቱ ዕብራዊ አቅጣጫን የሚቆጥረው ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ ቆሞ ስለ ነበረ፣ ምሥራቁ ፊቱ፣ ደቡቡ ቀኙ፣ ምዕራቡ ኋላው ነበር። ስለዚህ የሰብዓ ሊቃናት የጽርዕ ትርጉም ቃሉን «በምሥራቅ» ሲለው፣ በአራማይክ የተጻፈው የኦንቄሎስ ትርጓሜና የሄሮኒሞስ ላቲን ግን ከጥንት፣ ከመጀመሪያ የሚል ፍች ሰጡት፤ ሁለቱም ወገኖች ቃሉ የያዘውን ተናገሩ እንጂ አልተሳሳቱም። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ «በፊት» ስንል ያለፈውን ዘመን እንናገራለን፣ «ፊት ለፊት» ስንል ደግሞ ዓይናችን የሚያየውን ስፍራ። «ቀደመ» የሚለው ግሣችንም የዚያው የቄዴም ወንድም ነው፤ የግእዙ ኦሪት ሲከፈት የምናገኘው የመጀመሪያ ቃል «በቀዳሚ» የተወለደውም ከዚሁ ሥር ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ሕፃን ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጆቻችንን ፊደል ለማስቆጠር በምንሰበሰብበት ቤት፣ እዚሁ ጆርጂያ ተወልዶ ያደገ የዐሥር ዓመት ልጅ፣ ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች የፊተኞቹን ሦስት ቀኖች ማን ቀን አደረጋቸው ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን አበውም የአይሁድ መምህራንም አውጥተው አውርደውታል። በዚህ አገር ግን ሌላ ክብደት አለው። ከእኛ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው በኮብ ካውንቲ፣ የትምህርት ቦርዱ በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ዝግመተ ለውጥ በሚያስተምሩት የባዮሎጂ መጻሕፍት ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት እንዲለጠፍ አድርጎ ነበር፤ ወላጆች ከስሰው በ2005 መጀመሪያ የፌዴራል ዳኛው ክላረንስ ኩፐር ወረቀቱ እንዲነሣ ፈረዱ፤ በ2006 የይግባኙ ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሽሮ ነገሩን መለሰው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በስምምነት ተዘጋ፤ ወረቀቱም ተነሥቶ ቀረ። ክርክሩ ስለ ሳይንስና ስለ ሕግ ቢሆንም ከበስተኋላው የቆመው ይኸው የኦሪቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነበር። ያ ሁሉ ሙግት በእንግሊዝኛ ሲካሄድ፣ ምዕራፉ በራሱ ልሳን፣ መጀመሪያ ለሰሙት ሰዎች ምን ይል እንደ ነበረ የጠየቀ ጥቂት መሆኑ ግን እጅግ ያሳዝነኛል።

እኛ ደግሞ በዚህ ነገር ከሌላው ዓለም የተለየ ስፍራ አለን። የግእዙ ብሉይ ኪዳን በአክሱም ዘመነ መንግሥት የተተረጐመው ከጽርዕ ሲሆን፣ ጽርዑ ራሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ከዕብራይስጥ መመለስ የጀመረ ነው። ዕብራይስጥና ግእዝ ከአንድ የሴም ግንድ የበቀሉ እኅትማማች ልሳናት ሳሉ፣ ጽርዕ ከሌላ ወገን የመጣ ባዕድ ነው፤ ስለዚህ ሁለት እኅትማማች በእንግዳ አስተርጓሚ አፍ ሲነጋገሩ ኖሩ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ አስተርጓሚው ያጠፋውን የቤተ ሰብ ቃል እኅቲቱ ከራሷ ጓዳ አውጥታ መልሳዋለች፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሳታውቀው አልፎባታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከዕብራይስጡና ከጽርዑ ተመልክቶ ሲዘጋጅ በአንዳንድ ስፍራ ከግእዙ የተለየበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ለምሳሌ በመጀመሪያው ቃል ላይ ዕብራይስጡ «በሬሺት» ይላል፤ ሥሩ «ሮሽ» ማለትም በግእዝ ርእስ፣ በአማርኛ ራስ የምንለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ባራ» የሚለው ግሥ፣ በዚህ ርባታው በብሉይ ኪዳን ሁሉ ለእግዚአብሔር ብቻ የተለየ ሲሆን፣ ሰው ሠራ ለማለት አይነገርም፤ ጽርዑ ግን ለሸክላ ሠሪም ለአናጺም በሚሆን ተራ ግሥ ስለ ተረጐመው የግእዙ ሊቅ «ገብረ» አለ፤ የ1954ቱ አማርኛ «ፈጠረ» ማለቱ ወደ ዕብራይስጡ ይቀርባል። ምድር ከመዘጋጀቷ በፊት የነበረችበትንም ኹኔታ ጽርዑና ግእዙ የማትታይ፣ ያልተሰናዳች አድርገው ያቀርቡታል፤ በዕብራይስጡ «ቶሁ ዋቦሁ» የሚሉት ሁለት ቃላት ግን በጆሮ ሲሰሙ እንደ ባዶ ቤት ማስተጋባት ያላቸው፣ ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ፈረሰች አገር የተናገረባቸው ቃላት ናቸው። አማርኛችን «ወና» የሚለው ቃል ወደዚህ ይጠጋል፤ ወና ቤት ግድግዳው ቢቆምም ሰው የሌለበት፣ እሳት የማይነድድበት ነውና።

ለሕፃኑ ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ይመስለኛል። ቶሁ ቅርጽ የሌለው፣ ቦሁ ባዶ የሆነው ነው ካልን፣ የፊተኞቹ ሦስት ቀኖች ቅርጽ ለሌለው ቅርጽ ሲሰጡ፣ የኋለኞቹ ሦስት ቀኖች ባዶውን ሲሞሉ እናያለን። በመጀመሪያው ቀን ብርሃን ከጨለማ ተለየ፣ በአራተኛው ብርሃናት ተሾሙበት፤ በሁለተኛው ውኆች ተከፍለው ሰማይ ተዘረጋ፣ በአምስተኛው ዓሦችና አዕዋፍ ገቡበት፤ በሦስተኛው የብስ ተገለጠ፣ ተክልም በቀለበት፣ በስድስተኛው እንስሳትና ሰው ኖሩበት። ጸሐፊው ቀኖቹን ያሰለፈው ሰዓት እንደሚቈጥር ሳይሆን ቤት ሠርቶ ባለቤቱን እንደሚያስገባ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥርዐት ቅኔ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ቶሎ ይለየዋል።

በውኃው ላይ ስለ ነበረው መንፈስ የተነገረው ግሥ ደግሞ ብቻውን ሐተታ ይገባው ነበር። ዕብራይስጡ «ሜራሔፌት» ይለዋል፤ ይኸው ቃል በኦሪት ዘዳግም በጫጩቶቹ ላይ ስለሚያንዣብብ ንስር ተነግሯል። ታላቁ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት በሰበከው ስብከት፣ ከአንድ ሶርያዊ ሊቅ እንደ ሰማ ጠቅሶ፣ የሱርስቱ ቃል ወፍ በዕንቍላሎቿ ላይ ተቀምጣ እንደምታሞቃቸው ያለ ነገር እንደሆነ ያስረዳል። ግእዙ «ይጼልል» ብሎ የጥላን ትርጉም አገባበት፤ አማርኛው «ሰፍፎ» አለ። አራቱንም አንድ ላይ ያሰበ ሰው፣ ክንፉን ዘርግቶ ጥላውን የጣለ፣ ሙቀቱን የሰጠ፣ ከላይም የሰፈፈ አንድ ሕያው ነገርን ያያል፤ ከአንዱ ቃል ብቻ ይህ ሁሉ አይወጣም ነበር።

ስለ ቀን ስንናገር ግን ሀብታችን ከሁሉ ይልቅ ይበዛል። ዕብራይስጡ ቀንን «ዮም» ይለዋል፤ በግእዝ «ዮም» ማለት ዛሬ ማለት ነው። በኦሪቱ ማታ ከጥዋት ይቀድማል፤ ማታውም «ዔሬብ» ይባላል፤ ይህም ፀሐይ ስትገባ «ዐረበ» ከምንለው፣ «ምዕራብ» ከምንለው፣ የስድስተኛውንም ቀን «ዓርብ» ብለን ከምንጠራበት ሥር የተገኘ ነው። ዓርብ የሰንበት ዋዜማ፣ የቀዳሚት ሰንበት መግቢያ መሆኑን ስሙ ራሱ ይዞታል። ቅዳሜ ሲመሽም የሚመጣውን ሌሊት «ለእሑድ አጥቢያ» ብለን ከነገው ጋራ እንቈጥረዋለን፤ ይህም ሌሊቱ የሚመጣው ቀን መባቻ እንጂ ያለፈው ቀን ጭራ እንዳልሆነ ያሳያል። የፊተኛውን ቀን ዕብራይስጡ «አንደኛ» ሳይሆን «አንድ» የሚል ቍጥር ሰጥቶታል፤ «እሑድ» የምንለውም ከአሐዱ የወጣ ነው፤ ከዚያ ሰኞ ሁለተኛው፣ ማክሰኞ የሰኞ ማግስት፣ ረቡዕ አራተኛው፣ ሐሙስ አምስተኛው እየተባለ ሳምንቱ በሙሉ የኦሪቱን ቁጥር ይከተላል።

የጆርጂያው ሕፃን በትምህርት ቤቱ የሚጠራቸው የእንግሊዝኛ ቀኖች ግን የፀሐይ ቀን፣ የጨረቃ ቀን፣ ከዚያም የጥንት የሰሜን አውሮፓ ጣዖታት ስሞች፣ በመጨረሻም የሮማውያን አምላክ የሳተርን ቀን ናቸው። ይህን የምለው የማንንም ቋንቋ ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ኦሪቱ በአራተኛው ቀን ያደረገው ነገር በዚህ ስለሚገለጥ ነው። በዚያ ስፍራ ጸሐፊው ፀሐይንና ጨረቃን በስማቸው አይጠራም፤ ታላቁ ብርሃንና ታናሹ ብርሃን ብሎ ያልፋቸዋል። ዕብራይስጡ ለፀሐይ «ሼሜሽ» የሚል ስም ሳለው ስለ ምን ሳይጠራት ቀረ ቢባል፣ በባቢሎንና በአሦር ሻማሽ የሚመለክ አምላክ ስለ ነበር ነው ብለው ብዙ ሊቃውንት ይመልሳሉ። በነነዌ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ ተገኝቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ስሚዝ ለዓለም ያሳወቀው የባቢሎናውያን የፍጥረት ታሪክ፣ ዓለም ከአማልክት ጦርነት፣ ከተገደለችው ከቲያማት ሬሳ እንደ ተሠራ ይናገራል፤ በኦሪቱ ግን ጥልቁ «ቴሆም» ከቲያማት ጋራ የተዛመደ ቃል ሆኖ ሳለ ጦር የማያነሣ፣ ትእዛዝ የሚጠብቅ ውኃ ብቻ ነው። እንግዲህ በምርኮ በባቢሎን ወንዞች ዳር ለነበረ ዕብራዊ ይህ ምዕራፍ በከበቡት አማልክት መካከል የተነገረ ምስክርነት ነበር። የእኛ ሳምንት ያንኑ ምስክርነት ሳያውቀው ይዞ ኖሯል፤ ከቀኖቻችን አንዱም በፀሐይ ወይም በኮከብ አልተሰየመምና።

ሆኖም የቃላት ዝምድና ራሱን የቻለ አደጋ እንዳለው መናገር ይገባኛል። የሰማይን ጠፈር ዕብራይስጡ «ራቂዕ» ይለዋል፤ ይህን የሰማ ወዳጄ ወዲያው «ረቂቅ» ማለት ነው ብሎ ደስ አለው፤ ነገር ግን ረቂቅ የሚወጣው ከረቀቀ ሲሆን፣ ራቂዕ ግን በመጨረሻው ፊደል ዐይን ያለበት ሌላ ሥር ነው፤ ትርጉሙም አንጥረኛ ወርቅን ወይም ናስን ቀጥቅጦ እንደሚያሳሳውና እንደሚዘረጋው ያለ ነው። በድምፅ የተቀራረበ ሁሉ ዘመድ አይደለም። ግእዙ በበኩሉ «ጠፈር» ብሎ የቤት ጣራ የሚባልበትን ቃል ስላኖረ፣ ዕብራዊው በአንጥረኛ መዶሻ ያየውን ሰማይ ኢትዮጵያዊው በቤቱ ጣራ አየው።

ወደ ሰው አፈጣጠር ስንደርስ ዕብራይስጡ የቃላት ጨዋታውን ያበዛዋል። «አዳም» ከ«አዳማ» ማለት ከአፈር ተሠራ፤ በአጠገባቸውም «አዶም» ማለት ቀይ፣ «ዳም» ማለት ደም ይሰማሉ። በኢስት ፖይንት ቤት ለመሥራት መሬት በተቈፈረ ጊዜ የሚወጣው አፈር ብረት የበዛበት ቀይ ጭቃ ነውና፣ የቅዳሜ ልጆቻችን የአዳምን ስም ከደጃቸው አንሥተው በእጃቸው ሊይዙት ይችላሉ። የአገራችን መምህራን ደግሞ ስሙን በግእዝ «አደመ» ማለት አማረ፣ ደስ አሰኘ ከሚለው ጋራ አያይዘው ያማረ፣ የተዋበ ብለው ይተረጕሙታል። ይህ የዕብራይስጡ ፍች ነው አልልም፤ ነገር ግን ከአፈር የተሠራውን ውብ ብሎ መጥራት የምዕራፉን መንፈስ የሚያከብር ትርጓሜ ነው። «ዔደን»ም በዕብራይስጥ ደስታ፣ ተድላ ማለት ነውና።

በመልክና በምሳሌ መፈጠሩን የሚናገሩት «ጼሌም» እና «ደሙት» የሚሉት ቃላት፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሶርያ በቴል ፈኸሪዬ በተገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው መቶ ዓመት በተሠራ የንጉሥ ሐውልት ላይ በአራማይክ ተጽፈው ታይተዋል፤ ሁለቱም ያንኑ ሐውልት ያመለክታሉ። ንጉሥ በማይገኝበት ስፍራ ሐውልቱ ስለ እርሱ ይቆማል ማለት ነው። በጥንቱ ምሥራቅ የአምላክ መልክ መባል የነገሥታት ክብር ሆኖ ሳለ፣ ኦሪቱ ይህን ማዕርግ ለወንድና ለሴት፣ ለሰው ልጅ ሁሉ መስጠቱ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው፤ የሥነ ፍጥረትን ምዕራፍ ለልጅ የሚያስተምር ሰው ከዚህ ቢጀምር አይጸጸትም።

ስለ ሴቲቱ መፈጠር ዕብራይስጡ ወንዱን «ኢሽ»፣ ሴቲቱን «ኢሻ» ብሎ ሁለቱ ስሞች ከአንድ አካል እንደ ተከፈሉ በድምፅ ያሳያል። ጽርዑ ይህን ሊያደርግ አልቻለም፤ አማርኛውም ወንድና ሴት ሲል ድምፁን አጥቷል። ግእዝ ግን «ብእሲ» እና «ብእሲት» አለና አስተርጓሚው የጣለውን እኅቲቱ አነሣችው፤ ሚስት የምንለውም ቃል ከዚሁ ብእሲት እንደ ወጣ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሴቲቱ የተሠራችበት «ጼላዕ»፣ ማለትም የጎን አጥንት የምንለው፣ ደግሞ በቀሩት የብሉይ ኪዳን ስፍራዎች የታቦቱና የድንኳኑ ጎን፣ በሰሎሞን መቅደስም በጎን ያሉ ጓዳዎች የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ከአይሁድ መምህራን አንዳንዶቹ አዳም ሁለት ገጽ ያለው ሆኖ ተፈጥሮ ኋላ ለሁለት ተከፈለ ብለው ያስተማሩት ከዚህ ተነሥተው ነው። ረዳት የተባለችበት «ዔዜር» የሚለው ቃልም አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሕዝቡን ስለሚረዳ እግዚአብሔር ነው፤ አልዓዛርና አቤንኤዘር የሚሉት ስሞች ከእርሱ የወጡ ናቸው፤ የሚከተለውም ቃል ፊት ለፊቱ፣ አንጻሩ የሚል ነው። ሚስትን የሎሌነት ስፍራ ለመስጠት ይህን ክፍል የጠቀሰ ሰው ሁሉ ዕብራይስጡን አልሰማውም ብዬ አምናለሁ።

ሰው ሕያው ነፍስ ሆነ የተባለበት «ነፌሽ» ከእኛው «ነፍስ» ጋራ አንድ ቃል ነው። በዕብራይስጥ ነፌሽ መጀመሪያ ጉሮሮን፣ እስትንፋስን፣ በሕይወት ያለውን ፍጡር ያመለክታል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ለዓሣና ለአራዊትም ተነግሯል። ነፍስን ከሥጋ ተለይታ የምትኖር ረቂቅ አድርጎ ማሰብ ከጽርዕ ፍልስፍና ብዙ የተቀበለ ነው፤ የአማርኛ ተራ አነጋገር ግን የጥንቱን የሴም አስተሳሰብ ሳያቋርጥ ይዟል። ያረገዘችውን ነፍሰ ጡር እንላለን፤ ሕፃን ማስተዋል ሲጀምር ነፍስ አወቀ እንላለን፤ ደክሞ ያገገመ ነፍስ ዘራ ይባላል። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ ሦስቱም ከአንድ ሥር ተወልደው በአንድ ቤት ሲኖሩ፣ ኦሪቱን በአማርኛ የሚያነብ ሰው የአፈሩ ቅርጽ በእስትንፋስ ሕያው ሲሆን ድምፁን ራሱን ይሰማዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ልቤን የሚነካው አንድ የግእዝ ሐረግ ነው። ሔዋን በዕብራይስጥ «ሐዋ» ትባላለች፤ ስሟም የሕያዋን ሁሉ እናት ከመሆኗ ጋራ ተያይዟል፤ ሥሩ ሕያውና ሕይወት ከምንልበት ሥር ነው። ጽርዑ በዚያ ስፍራ ስሟን «ዞኤ» ብሎ ተርጕሞታል። ግእዝ ግን ከዚህ አልፎ የሰውን ልጅ ሁሉ «እጓለ እመሕያው» ብሎ ጠራው፤ የሕያዋን እናት ልጅ ማለት ነው። በቅዳሴውም በመጻሕፍቱም ሰው በተባለ ቍጥር ሔዋን ትታሰባለች፤ ሌላው ቋንቋ ለሰው ስም ሲያወጣ አፈሩን ወይም አባቱን ሲያስብ፣ የእኛ አባቶች እናቱን አሰቡ።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥናት ያቆየችው ሌላም ውድ ነገር አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ በሙሉው የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከዐሥር የሚበልጡ የዕብራይስጥ ቅጂዎቹ ቍርጥራጮች ሲገኙ፣ መጽሐፉ መጀመሪያ በዕብራይስጥ እንደ ተጻፈ ተረጋገጠ። ኩፋሌ የስድስቱን ቀኖች ሥራ ሰባት፣ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ቈጥሮ 22 ያደርሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት ብላ የምታስተምረው ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው፤ የዕብራይስጥ ፊደላትም 22 ናቸው። ደግሞም መልአኩ የአብራምን አፍ ከፍቶ ዕብራይስጥን፣ የፍጥረትን ልሳን፣ እንዳናገረው የሚተርከው ይኸው መጽሐፍ ነው። ዕብራይስጥ የፍጥረት ልሳን መሆኑን የሚመሰክረው መጽሐፍ በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ መኖሩን፣ ኦሪትንም በግእዝ ሲያነቡ የኖሩትን ቤተ እስራኤልን፣ በአንድነት ላሰበ ሰው የሁለቱ ልሳናት ነገር የመጻሕፍት ቤት ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ይህንም መንገድ ከእኛ በፊት የጀመሩት አሉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስና ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ተቀምጠው ዕብራይስጡን ከግእዙ ጋራ አስተያዩ፤ ሥራቸውም በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ በአዲስ አበባ ታተመ። ኪዳነ ወልድ መዝገባቸውን በሀለሐመ ሳይሆን እንደ ዕብራውያን በአበገደ ተራ አሰልፈውታል። ዕብራይስጥ መማራቸው ከአባቶች ትርጓሜ አላወጣቸውም፤ ይልቁንም የአንድምታው መምህር «አንድም» እያለ ፍችን በፍች ላይ ሲጨምር፣ የአይሁድ መምህርም «ዳቫር አሔር» ማለት «ሌላ ነገር» እያለ ያንኑ ያደርጋልና፣ ሁለቱ ጉባኤዎች የማይተዋወቁ ዘመዳሞች ናቸው።

ስለዚህ በአትላንታና በአካባቢዋ ያላችሁ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ልጆቻችሁ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ አጠገብ የ1954ቱን አማርኛና የኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት የሚያገኙበት አንድ መደርደሪያ አብጁላቸው፤ የቀኖቹን ስሞች ከነሥራቸው አስተምሯቸው፤ ጥያቄያቸውንም አታፍኑት። የእኛ ልጆች በሚመጣው ቅዳሜ የሚማሩት ገጽ ተመርጧል፤ ከአዳም ስም ይጀምራል፤ እያንዳንዳቸውም ከየደጃቸው አንድ እፍኝ ቀይ አፈር ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል።